አጽሙን ከሚስቱ አትለዩት፤ ዙፋኑን አስመልሱ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚናገረው ስለ ማሃራጃ ዱሊፕ ሲንግ ነው። ዱሊፕ ሲንግ ዛሬ በሕንድና በፓኪስታን መካከል የተከፈለችው የፑንጃብ የመጨረሻው የሲክ ንጉሥ ነበር (ሲክ በፑንጃብ የተነሣ ሃይማኖትና የተከታዮቹ ስም ነው)፤ በ10 ዓመቱ መንግሥቱን በእንግሊዞች ተነጠቀ፣ በ15 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፣ በ1893 ፓሪስ ላይ ሞቶ በሰፎክ አውራጃ ኤልቭደን በምትባል መንደር ተቀበረ። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ አጽሙ ተቆፍሮ ወደ አገሩ ይግባ ይላል። ከልብ የተጻፈ ነው። ብዙ ወገኖቼ የተቀባበሉትም የልዑል ዓለማየሁ ነገር ስለሚያንገበግባቸው እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔንም ያንገበግበኛል። መልስ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ጽሑፉ የያዘው መንገድ ለዱሊፕ ሲንግ የማይበጅ፣ ዓለማየሁንም የሚጎዳ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

የጸሐፊውን ክርክር ሳላዛባ ላስቀምጥ። ዱሊፕ ሲንግ በሕይወቱም በሞቱም የእንግሊዝ እስረኛ ነበር፤ ወደ አገሩ የመመለስ ምኞቱን ከልክለውታል፤ ስለዚህ አጽሙን ማፍለስ የተከለከለውን ምኞት መፈጸም ነው ይላሉ። እንግሊዞች የሰቀሉት የፑንጃብ ተወላጅ የኡድሃም ሲንግ አጽም በ1974 ከለንደን ከተመለሰ ንጉሡ የማይመለስበት ምክንያት የለም ይላሉ። የልጅ ልጅ ስላልተረፈው የመወሰን መብቱ የሲክ ሕዝብ ነው ይላሉ። የእሱና የዓለማየሁ ጉዳይ አንድ ነው፤ የአንዱ መቃብር ሲከፈት የሌላውም ይከፈታል ይላሉ። በመጨረሻም አጽም ከቀደመ የተዘረፈው ቅርስ ይከተላል ብለው ይደመድማሉ።

ከበደሉ ታሪክ ልጀምር፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጸብ የለኝም። መጋቢት 29 ቀን 1849 ላሆር ላይ መንግሥቱን ለእንግሊዞች አሳልፎ የሚሰጠውን ውል የፈረመው የ10 ዓመት ልጅ ነው። በዚያው ውል የኮሂኑር አልማዝ ለንግሥት ቪክቶሪያ እንዲሰጥ ተጻፈ። እናቱን ማሃራኒ ጂንድ ካውርን ከውሉም በፊት ከእሱ ለይተው አስረዋታል። ከእስር አምልጣ ኔፓል ገባች፤ እናትና ልጅ የተገናኙት ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1861 ካልካታ ላይ ነው። በ1863 ለንደን ውስጥ ስትሞት ልጇ አስከሬኗን ይዞ ወደ ሕንድ ተሻገረ፤ ፑንጃብ እንዲገባ ግን አልተፈቀደለትም። በፑንጃብ ፈንታ ናሲክ ከተማ፣ ጎዳቫሪ ወንዝ ዳር በእሳት ሸኛት። በ1886 እሱ ራሱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አገሩ ሲጓዝ ኤደን ወደብ ላይ ከመርከብ አውርደው አሰሩት። ክርስትናውን ትቶ ወደ አባቶቹ እምነት የሚመልሰውን ሥርዓት የፈጸመው እዚያው ኤደን ላይ ነው። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «ቢያንስ አጥንቱ አገሩ ይግባ» ቢል አልፈርድበትም።

ሆኖም ከምኞቱ ተነሥተን አሁን ወደሚጠየቀው ነገር ለመድረስ ጸሐፊው አንድ እርምጃ ዘለዋል። ዱሊፕ ሲንግ ሲክ ሆኖ ወደ አገሩ ለመመለስ ተመኝቷል እንበል። ሲክ ሲሞት በእሳት ይሸኛል፤ አመዱም ወራጅ ውኃ ላይ ይደረጋል። ብዙ የሲክ ቤተሰቦች አመዱን ሳትሌጅ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ኪራትፑር ይወስዳሉ። የሲኮች የሥነ ምግባር ደንብም አስከሬን በተቃጠለበት ቦታ ላይ ሐውልት ማቆምን ይከለክላል። ጸሐፊው ግን የሚሹት በሕንድ በኩል ባለው ፑንጃብ በምትገኘው የሲኮች ቅዱስ ከተማ፣ አምሪትሳር ላይ የእብነ በረድ መቃብር፣ የሚጎበኘው ሕዝብና በየዓመቱ የሚታሰብበት ቀን ነው። የአባቱ የራንጂት ሲንግ መታሰቢያ ሕንፃ ላሆር ላይ መቆሙ እውነት ነው፤ ነገሥታት ከደንቡ ወጥተው አድርገውታል። ያም ሆኖ የእብነ በረዱ መቃብር የእኛ ዘመን ሰዎች ምኞት ነው። የሟቹ ነው ብለን ልንጭንበት አንችልም።

አሁን ጽሑፉ ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ ወዳላነሣት ሴት ልሂድ። ይህን ጉዳይ ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ የእሷ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

ዱሊፕ ሲንግ የእናቱን አስከሬን ይዞ በ1864 በግብጽ በኩል ሲያልፍ ካይሮ በሚገኝ የአሜሪካ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት ወጣት አየ። ስሟ ባምባ ሙለር ይባላል። አባቷ ጀርመናዊ ነጋዴ ነበር፤ እናቷ ሶፊያ ደግሞ በዘመኑ «አቢሲኒያዊት» ተብላ የተመዘገበች፣ በባርነት ወደ ግብጽ የገባች ሴት ናት። ባምባ የምትናገረው ዐረብኛ ነበር፤ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር፤ ክርስቲያንነቷም የጠበቀ ነበር። እናቱን ሸኝቶ ሲመለስ በዚያው ዓመት በሰኔ እስክንድርያ ላይ ተጋቡ። ሶፊያ ከየትኛው የአገራችን ጫፍ ተሸጣ እንደወጣች ማንም አልጻፈውም፤ የባሪያን አገር ማን ይጽፋል? ነገር ግን የፑንጃብ የመጨረሻው ንጉሥ ልጆች በእናታቸው በኩል የእኛም ዘር ናቸው።

ባምባ ስድስት ልጆች አሳደገች። በ1886 ከባሏ ጋር እስከ ኤደን ሄዳ ከልጆቿ ጋር ወደ እንግሊዝ ተመለሰች፤ እሱ ወደ ፓሪስ፣ ቀጥሎም የሩሲያውን ንጉሠ ነገሥት እርዳታ ፍለጋ ወደ ሩሲያ ሄደ። እሱ ባሕር ማዶ ሳለ በ1887 ሞተችና ኤልቭደን ተቀበረች። በ1893 ትንሹ ወንድ ልጃቸው ኤድዋርድ በ13 ዓመቱ ሞቶ ከእናቱ ጎን ዐረፈ። በዚያው ዓመት ጥቅምት አባትየው ፓሪስ ላይ ሲሞት አስከሬኑ ወደዚያው መጥቶ ከሁለቱ ጋር ተቀበረ። ዛሬ በኤልቭደን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሦስቱ መቃብሮች ጎን ለጎን ናቸው። ዱሊፕ ሲንግ በ1889 ፓሪስ ላይ ሌላ ማግባቱ የታወቀ ነው፤ የባምባንም የመጨረሻ ዓመታት በመራራነት የሞላው እሱ ነው። ትዳራቸው የተረት ትዳር ነበር አልልም። የተቀበረው ግን ከልጆቹ እናትና ከሕፃን ልጁ ጋር ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ታሪክ ማየት ይበቃል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ አጽም በ1992 ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ወጥቶ ለዓመታት በበዓታ ከቆየ በኋላ በ2000 ፍልሰቱ ሲፈጸም የት ገባ? መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ከእቴጌ መነን ጎን። ያን ቀን አደባባይ የወጣው ሰው ያለቀሰው ንጉሡ ክብር ስላገኙ ብቻ አይመስለኝም፤ ከሚስታቸው ጎን ስለገቡም ጭምር ነው። ያ ፍልሰት የተለየውን ሰው ወደ ቤተሰቡ መልሷል። ጽሑፉ የሚጠይቀው ፍልሰት አብሮ ያለውን ሰው ከቤተሰቡ የሚለይ ነው።

«እንግዲያው ሦስቱንም እንውሰድ» የሚል ይኖራል። ባምባ ግብጽ ተወልዳ እንግሊዝ የሞተች፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ክርስቲያን የነበረች ሴት ናት። ፑንጃብን ረግጣው አታውቅም። እናቷ ከአገሯ በሰው ፈቃድ ተነቅላ ሄደች፤ ልጅቷን ደግሞ ከሞተች በኋላ፣ ለሌላ ሰው ክብር ሲባል፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አውጥተን ባሕር እናሻግራት? እኔ በዚህ ላይ እጄን አላስገባም።

ወደ ኡድሃም ሲንግ ልለፍ፤ እዚህ ብዙ አልቆይም። ኡድሃም ሲንግ የእንግሊዝ ጦር ሕዝብ በፈጀበት በ1919 የአምሪትሳር እልቂት ጊዜ የፑንጃብ ገዥ የነበረውን ማይክል ኦድዋየርን በ1940 ለንደን ላይ ገደለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ፔንተንቪል ወህኒ ቤት ተሰቅሎ እዚያው የወህኒ ቤቱ ግቢ ተቀበረ። ያ መቃብር የቅጣቱ አካል ነበር፤ ከጎኑ የእሱ ሰው የለም፤ ቤተሰብ ገብቶ አፈር የሚያለብስበትም ቦታ አይደለም። የትውልድ ከተማው ሱናም የት እንዳለችም የሚያከራክር ነገር አልነበረም። አጽሙ መጥቶ ሱናም ላይ በሥርዓቱ በእሳት ተሸኘ። መመለሱ ትክክል ነበር። ትክክል ያደረጉት ምክንያቶች ግን አንዳቸውም ኤልቭደን ላይ የሉም።

የቦታው ጥያቄ ብቻውን ከባድ ነው። ጸሐፊው «ወደ ሕንድ» እያሉ ያልፉታል። ዱሊፕ ሲንግ የተወለደው ላሆር ነው፤ ዙፋኑ ላሆር ነበር፤ የአባቱ አመድ ያረፈው ላሆር ነው። ላሆር ከ1947 ጀምሮ ፓኪስታን ናት። በዚያ ዓመት ፑንጃብ ለሁለት ሲሰነጠቅ የላሆር ሲኮች በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ። ሕዝቡ በአንድ ወገን፣ የአባቱ ቤትና መቃብር በሌላው ወገን ቀርተዋል። በመካከላቸው ጦርነት ያየ ድንበር አለ። አጽሙ አምሪትሳር ቢገባ ከአባቱ ተለየ፤ ላሆር ቢገባ ከሕዝቡ። እነዚህ ሁለት መንግሥታት አንድ የሬሳ ሣጥን በፍቅር ይቀባበላሉ ብሎ ማሰብ ለእኔ ይከብደኛል። በሕይወት ሳለ የመንግሥታት መጫወቻ የነበረን ሰው ከሞተ በኋላም መልሶ መጫወቻ ማድረግ ይሆንብኛል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ዘር ስላልተረፈው የመወሰን መብቱ የሕዝቡ ነው የሚለው፣ የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ነው። እውነት ነው፣ ልጆቹ ሁሉ ያለ ተተኪ ሞተዋል። ሲኮችም ከሩቅ አገር ሳይቀር ኤልቭደን እየመጡ መቃብሩን ይሳለማሉ፤ ባለቤትነት እንዲሰማቸው የሚያበቃ ምክንያት አላቸው። በአቅራቢያው ባለችው ቴትፎርድ ከተማ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልቱ በ1999 የቆመውም በእነሱ ጥረት ነው። ልጆቹ ግን ከመሞታቸው በፊት ዕድሜ ነበራቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ምን እንዳደረጉ መታየት አለበት።

በእናቷ ስም የተጠራችው ትልቋ ሴት ልጅ፣ ልዕልት ባምባ፣ ላሆር ገብታ ኖረች። በ1924 የአያቷን የጂንድ ካውርን አመድ ከናሲክ አምጥታ ላሆር ላይ፣ ከራንጂት ሲንግ መታሰቢያ አስገባችው። ለአባቷ በ1864 የተከለከለውን ልጁ ከ60 ዓመት በኋላ ፈጸመችው። ከአገር መከፈል በኋላም ላሆርን አልለቀቀችም፤ በ1957 እዚያው ሞተች። እህቷ ሶፊያ፣ በእንግሊዝ ለሴቶች የምርጫ መብት የታገለችው፣ በ1948 ስትሞት በሲክ ሥርዓት በእሳት እንድትሸኝና አመዷ ሕንድ እንዲገባ ተናዛለች። ይህ ቤተሰብ የሙታንን ነገር እንዴት ወደ አገር እንደሚያስገቡ ያውቅ ነበር። አቅሙም ፍላጎቱም ነበረው። አያትየዋን ከብቸኛ ቦታ አንሥተው ወደ ባሏ አመጡ፤ አባታቸውን ከእናታቸውና ከወንድማቸው ጎን ተዉት። ልዕልት ባምባ ከ1924 በኋላ 33 ዓመት ኖራለች፤ አንዱን ከፈጸመች ሌላውን ለምን አልጠየቀችም? እኔ ከሥራዋ የማነበው መልስ ግልጽ ነው። ለዚህ ቤተሰብ ከእሷ በላይ ተቆርቋሪ ነኝ የሚል ሰው ማስረጃው ከዚህ የከበደ መሆን አለበት።

የእንግሊዝ ሕግም ነገሩን የሚያየው ከዚሁ አቅጣጫ ነው። ኤልቭደን የተቀደሰ የቤተ ክርስቲያን መሬት ስለሆነ አጽም ለማውጣት ከቤተ ክርስቲያኒቱ ፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መነሻው መርህ ክርስቲያናዊ ቀብር የመጨረሻ ነው የሚል ነው። በ2002 በተሰጠ አንድ የታወቀ ውሳኔ ፍርድ ቤቱ ከመርሁ ወጥቶ ፈቅዷል፤ የፈቀደው ግን ልጃቸውን ወደ ቤተሰብ መቃብር ለማምጣት ለጠየቁ ወላጆች ነው። ከቤተሰብ መቃብር አውጡልን የሚል አመልካች ገና ከበሩ ይቸገራል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ዓለማየሁ። ጸሐፊው ሁለቱን ጉዳዮች «መንትያ» ይሏቸዋል። መመሳሰላቸው ዐይን ይስባል፦ ሁለቱም ሕፃን፣ ሁለቱም ከተዘረፈ ግምጃ ቤት ጋር የተወሰዱ፣ ሁለቱም በንግሥት ቪክቶሪያ ዐይን ሥር ያደጉ። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በሚያዝያ 1868 የተወሰደው ዓለማየሁ ግን ገና 7 ዓመቱን እየደፈነ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ ሞተዋል። አላገባም፣ አልወለደም፣ ርስት አልገዛም፤ በ18 ዓመቱ በኅዳር 1879 ሊድስ ላይ ሞተ። ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ሲቀበር በዙሪያው የሥጋ ዘመድ የሚባል አንድም ሰው አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ዱሊፕ ሲንግ 55 ዓመት ኖሯል፤ ሰባት ሺህ ሄክታር የሚያህል የኤልቭደን ርስት ገዝቶ ቤት ሠርቷል፤ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ቀብሯል። የሰውየው መከራ ከልጁ መከራ ያንሳል ማለቴ አይደለም። ከመቃብሩ ሲወጣ የሚፈርሰው ነገር ግን አንድ አይደለም፤ ዓለማየሁ ቢወጣ የሚፈርስ ቤተሰብ የለም።

«ይህ የቤተ መንግሥቱ ክርክር አይደለም ወይ?» የሚለኝን እሰማለሁ። በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የዓለማየሁ አጽም እንዲመለስ ጠይቀው ነበር፤ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ፣ በአካባቢው የተቀበሩትን የብዙ ሌሎች ሰዎችን ዕረፍት ሳያውኩ የእሱን ማውጣት የሚቻል አይመስልም የሚል ነው። እነዚያ «ሌሎች» ለዓለማየሁ ማናቸው? ባዕዳን ናቸው። ቤተ መንግሥቱ የሚያነሣው የቁፋሮ ችግር ነው፤ ለቁፋሮ ችግር ባለሙያ ይፈለግለታል። ኤልቭደን ላይ ቁፋሮው ቀላል ነው፤ በግልጽ ቅጥር ውስጥ ያለ፣ ራሱን የቻለ መቃብር ነው። የሚከብደው መለየቱ ነው። ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ገመድ ላይ ካሰርን የእንግሊዝ ባለሥልጣን ሥራ ይቀላል፤ ለዱሊፕ ሲንግ የሚሰጠውን ምክንያት ሁሉ፣ ሚስቱን፣ ልጁን፣ የተከፈለውን አገር፣ የእምነቱን ክርክር፣ በዓለማየሁ ላይም ይለጥፈዋል። የዓለማየሁ ጥያቄ ጥንካሬው ቀላልነቱ ነው፦ ብቻውን ያለ ልጅ፣ አገሩ አንድ፣ ሃይማኖቱ የማያከራክር፣ ጠያቂው የታወቀ። ይህን ጥያቄ ከሌላ ጋር ማደባለቅ ማዳከም ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ «አጽም ከቀደመ ቅርስ ይከተላል» የሚለው፣ በእኛው ላይ ተሞክሮ ታይቷል። በ2019 የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ጸጉር መለሰ። በ2023 የዓለማየሁ ጸጉር የልጁ ሞግዚት ከነበረው እንግሊዛዊ መኮንን ከካፒቴን ስፒዲ ተወላጆች እጅ ተመለሰ። በሁለቱም ደስ ብሎናል፤ ደስ ሊለንም ይገባ ነበር። በግለሰቦች እጅ የነበሩ አንዳንድ የመቅደላ ዕቃዎችም በ2021 ተመልሰዋል። ትልልቆቹ ሙዚየሞች ግን ምን አደረጉ? በብሪቲሽ ሙዚየም የተቆለፈባቸው 11 ታቦታት ዛሬም እዚያው ናቸው። የቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም በ2018 ለመቅደላ ወርቆች ያቀረበው የረጅም ጊዜ ውሰት ነው። የራስን ዕቃ በውሰት! ጸጉር መመለስ ሙዚየምን ምንም አያስከፍለውም፤ አጥንት መመለስም እንደዚያው ነው። ፎቶ ይነሡበታል፣ መግለጫ ይሰጡበታል፣ ከአንገት በላይ ይጸጸቱበታል፣ ወርቁ ከመስታወቱ ውስጥ አይነቃነቅም። እንዲያውም «መለስን» ለማለት ምቹ ሽፋን ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

ስለዚህ የዱሊፕ ሲንግ ነገር ለሚያንገበግበው ሰው የምጠቁመው ሌላ ቦታ አለ። ራንጂት ሲንግ ይቀመጥበት የነበረው፣ በወርቅ ዝርግ የተለበጠው ዙፋን፣ በ1849 እንግሊዞች ፑንጃብን ሲይዙ የላሆርን ግምጃ ቤት ሲረከቡ ወስደውት ዛሬ በዚያው በቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ይታያል። ኮሂኑር በለንደን ግንብ በዘውድ ላይ ተሰክቷል። በእነዚህ ላይ ሚስትም ልጅም አልተቀበረም። የሁለቱ ፑንጃቦች ችግር በዙፋኑም ላይ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዙፋን በስምምነት ጥቂት ዓመት ላሆር፣ ጥቂት ዓመት አምሪትሳር ሊቀመጥ ይችላል። አጥንትን እያመላለሱ ማሳየት ግን ነውር ነው።

ጸሐፊው በሲኮችና በእኛ መካከል ሊፈጥሩት የሚመኙት ትብብር እውነተኛ መሠረት ያለውም እዚህ ላይ ነው። የራንጂት ሲንግ ዙፋንና ከጎንደር ቁስቋም ጋር የሚያያዘው የመቅደላ የወርቅ ዘውድ በአንድ ሙዚየም፣ በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። ሁለቱንም የሚያስረው አንድ ሕግ ነው፤ ሙዚየሙ ከስብስቡ ዕቃ አውጥቶ እንዳይሰጥ የሚከለክለው የ1983 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቅርስ ሕግ። ያን ሕግ የሚያሻሽለው የእንግሊዝ ፓርላማ ነው፤ በእንግሊዝ ደግሞ ድምፅ የሚሰጡ ብዙ ሲኮች፣ ቁጥራቸው ባይበዛም ኢትዮጵያውያንም አሉ። ጸሐፊው ብዕራቸው ሰው የሚያነሣሣ መሆኑን በዚህ ጽሑፋቸው አሳይተዋል። ቀጣዩን በዚህ ሕግ ላይ ቢጽፉት ካነበቡት ሁሉ ቀድሜ ለወዳጆቼ የማደርሰው እኔ ነኝ።